ዲኤክሴ ሚኒሞ አልይዝ አለችኝ፤ መብራት ላይ ስቆም ትጠፋለች

ባለ ዲኤክስ፦
ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። መኪናዬ የ1982 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነች፤ ባለ 4ኬ ሞተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ያላት። የአባቴ ነበረች። ከሁለት ወር በፊት ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ አመጣኋት።

ጠዋት ቾክ ስስብ ወዲያው ትነሳለች። ሞተሩ ሞቆ ቾኩን ስመልስ ነው ጣጣው። እግሬን ከቤንዚን ላይ ሳነሳ ድርግም ትላለች። ትናንት መገናኛ ጋ አራት ጊዜ ጠፋችብኝ፤ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ነው። ካንዴላ፣ ማለትም ብልጭታ የሚሰጠውን፣ ቀይሬያለሁ። ካርቡራቶሩንም አሳጥቤያለሁ፤ ከታጠበ ወዲህ እንዲያውም ባሰባት። መካኒኩ የሚኒሞውን (እግር ከቤንዚን ላይ ሲነሳ ሞተሩ የሚይዘውን ዝቅተኛ ዙር) ብሎን አጥብቆ ከፍ አደረገልኝ። አሁን ቆማ ትጮኻለች፣ ግን መጥፋቷን አልተወችም። ምን ላድርግ?

የላዳ ሹፌር፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የቤንዚን ፊልትሮውን ቀይር። ርካሽ ነው። የድሮ መኪና ሰልባትዮ (የቤንዚን ማጠራቀሚያ) ውስጥ ዝገት አይጠፋም። ካልሆነ ፓምፑን አሳይ።

ባለ ዲኤክስ፦
ፊልትሮው አዲስ ነው። የሽሮ ሜዳን ዳገት ደግሞ ሰው ጭኜ ያለ ምንም ችግር ነው የምትወጣው።

የላዳ ሹፌር፦
እንግዲያው ፓምፑን ተወው። እሱ ቢሆን ኖሮ ዳገት ላይ ነበር የምትለግመው።

የድሬ ልጅ፦
ከፍታው ይመስለኛል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ 2,400 ይጠጋል። እዚያ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል። የኔም ስትመጣ ጥቁር ጭስ ታወጣ ነበር። እንደገና አስተካክልልህ በለው።

ካቻቪቴ፦
የድሬው ወንድማችን ስለ ከፍታው ያለው ልክ ነው። ግን እዚህ ላይ የሚሠራ አይመስለኝም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሞተሩ ሞቆ ሊጠፋ ሲል ቾኩን ትንሽ ብትስበው ምን ይሆናል? አንድ ካንዴላም ፍታና ጫፉን እይ፤ ጥቁር ጥላሸት ነው ወይስ ነጣ ያለ?

ባለ ዲኤክስ፦
አሁን ሞከርኩት። ቾኩን ግማሽ ድረስ ስስበው ቀጥ ብላ ትሠራለች! ካንዴላው ነጣ ያለ ነው።

ካቻቪቴ፦
በጣም ጥሩ። ቾክ አየር ቀንሶ ቤንዚን ያበዛል። ቤንዚን በዝቶባት ቢሆን ቾኩ ይገድላት ነበር እንጂ አያድናትም። ስለዚህ ያንተዋ ቤንዚን አንሷታል፣ ያውም ሚኒሞ ላይ ብቻ። ካርቡራቶር ለሚኒሞ የራሱ ቀጭን መንገድ አለው። እግርህ ቤንዚን ላይ ሲሆን የሚሠራው ዋናው መንገድ ነው፤ ለዚህ ነው ዳገት የማያቅታት።

ያን ቀጭን መንገድ የምትዘጋና የምትከፍት አውራ ጣት የምታህል ነገር ካርቡራቶሩ ጎን ላይ አለች፣ ሽቦ የገባባት። ሶሌኖይድ ትባላለች። መብራት ሲደርሳት ትከፍታለች፣ ሲቋረጥባት ትዘጋለች። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። ከዚያ ሽቦዋን ነቅለህ መልሰህ ሰካ። ቀጭ የምትል ድምፅ መሰማት አለባት። ካልሰማህ ሽቦው ላይ 12 ቮልት መድረሱን በቴስተር ለካ። ቤንዚን የፈሰሰበት ካለ ግን ጠርገህ፣ ደርቆ ነው የምትነካካው። ብልጭታ አደገኛ ነው።

ከታጠበ በኋላ ባሰባት ማለትህ ነው ወደዚህ የወሰደኝ። ካርቡራቶር ሲወርድ ይህ ሽቦ ሊጎዳ ይችላል።

እናት ከሐዋሳ፦
እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር። የፍሬን ሰርቮ (ፍሬን ሲረገጥ የሚያግዝ) ካላት፣ ከማኒፎልድ (አየርና ቤንዚን ወደ ሞተሩ ከሚገባበት) ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ጎማ ቱቦ በእጅህ ዳስሰው። የኔ ከሥር ተሰንጥቆ አየር ያስገባ ነበር፤ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው። ፍሬን ስረግጥ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በዚያ ነው ያወቅኩት። ቤንዚን እየረጩ አየር የሚገባበትን የሚፈልጉ አሉ። እባክህ ልጄ፣ እሱን አታድርግ፣ መኪና ያቃጥላል።

ባለ ዲኤክስ፦
ተገኘ! ሽቦውን ነቅዬ ብሰካው ድምፅ የለም። ቴስተሩ ዜሮ ነው የሚያሳየው። ሽቦውን እየተከተልኩ ስሄድ፣ ከሶኬቱ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ፕላስቲኩ ውስጥ ተበጥሷል። ላስቲኩ ብቻ ነው ይዞት የነበረው፣ ከውጪ ምንም አያስታውቅም። ልጬ ቀጠልኩትና በቴፕ ጠቀለልኩት። ቁልፍ ስከፍት ቀጭ! ሩብ ሰዓት ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆማ ሠራች። የእናትን ቱቦም ዳስሼዋለሁ፣ ደህና ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

ካቻቪቴ፦
ደስ ብሎኛል። በቴፕ ብቻ አትተወው፣ በሙቀት ይለቃል፤ አስበይደው። መካኒኩ ያጠበቀውንም ብሎን መልስ። ሞተሩ ሞቆ፣ ቾኩ ተመልሶ፣ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር ላይ አቁመው። የድሬው ወንድማችን ያነሳውን የከፍታ ነገር የምታየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥቂት ቀን ነድተህ ካንዴላውን ፍታና ቀለሙን ንገረን።