ክርክር፦ የጣና ዳር ወጣት ለእርሻ ብሎ ሰው አገር ይሂድ?

ጠያቂው (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዘንዘልማ ካምፓስ እርሻ የተማርን ጓደኛሞች ነን። ከተመረቅን ወዲህ በሙያችን ቋሚ ሥራ አላገኘንም። አሁን ኡጋንዳ ሄደን፣ መሬት በሊዝ ይዘን፣ በቆሎ፣ አኩሪ አተርና አትክልት ለማምረት እያሰብን ነው። ገንዘቡ ከዕቁብና ከቤተሰብ ነው የሚመጣው። አባቴ በሬዎቹን ሳይቀር ለመሸጥ ተስማምቷል። አጎቶቼ ግን "ያባትህ መሬት እያለ ሰው አገር ሄደህ ልታርስ?" ብለው ተቆጥተዋል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይመስለኝም፤ እንዲህ የሚያስብ ወጣት በየሰፈሩ ሞልቷል። ከጣና ዙሪያ የተማረ ልጅ ለእርሻ ብሎ ከአገር መውጣቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ስድብ ይቅር፣ በምክንያት እንከራከር።

የመራዊው፦
ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ቆጋ አጠገባችሁ ነው። 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ግድብ ነው። በበጋ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት ይወጣበታል፤ አቮካዶም ገብቷል። የጎደለው በሽታ የሚለይ፣ ዘር የሚመርጥ፣ ገበያ የሚያፈላልግ የተማረ ሰው ነው። የጎደልከው አንተ ነህ። ፎገራንም ተመልከት። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ አስተዋወቁ፣ ገበሬው ያዘው፤ ዛሬ በዚያ አገር "ኤክስ ጅግና" የሚባለውን ዘር የማያውቅ የለም። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመውም እዚያው ፎገራ ነው። እውቀቱ ወደ መሬቱ መጣ እንጂ ገበሬው መሬቱን ጥሎ አልሄደም።

ጠያቂው፦
አያ፣ ያልከው እውነት ነው። ግን በየትኛው መሬት? የአባቴ ይዞታ አንድ ሄክታር አይሞላም። ከወንድሞቼ ጋር ብንካፈለው ለአንዳችን ሁለት ጥማድ እንኳ አይደርስም። በክልላችን ትልቁ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ያደገ ልጅ በውርስ ወይም በስጦታ ካልደረሰው ባዶ እጁን ነው። ልግዛ ብል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። በኮንትራት ልያዝ ብል ዳገቱ ባሕር ዛፍ፣ ውኃ ገቡ ጫት ሆኗል። ከተገኘም ባለቤቱ ለአንድ ዓመት ይሰጥሃል፤ ኮምፖስት አልብሰህ አፈሩን ካዳንከው በኋላ ይወስደዋል። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ሲንከራተት አይተናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ይህን ያየ ልጅ ልቡ ቢሸፍት ምን ይገርማል?

የፎገራዋ፦
ወንድሜ፣ ልብህ መሸፈቱ አልገረመኝም። የገረመኝ የበሬዎቹ መሸጥ ነው። በሬ የሸጠ ገበሬ በማግስቱ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ከምርቱ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። አባትህ በስተእርጅና የሚኖረው በቀሪው ግማሽ ነው። የመሬት ደብተሩ ላይ የእናትህ ፎቶና ስም አብሮ የለም? እሷን ጠየቃችኋት? እስካሁን ስለ አባትህና ስለ አጎቶችህ ነው የሰማነው።

ሌላም አለ። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከመቶ ብር በላይ ገብቷል። ባሕር ዳር ላይ ብዙ የሚመስለው ገንዘብ ካምፓላ ሲደርስ የት ይደርሳል? ካፒታል ከአገር ለማውጣትም የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋል። በደላላ እናሻግራለን ካላችሁ ደግሞ ገና ሳትዘሩ ነው የከሰራችሁት።

ካምፓላ ያለሁ፦
እኔ ብዙ ዓመት ካምፓላ ኖሬያለሁ፣ የእህል ንግድ ላይ ነኝ። አገሩ ለእርሻ ደግ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ቦታ በዓመት ሁለቴ ነው፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያ ከመስከረም እስከ ኅዳር። እንደኛ ክረምት ካለፈ አለቀ የሚባል ነገር የለም። ሕዝቡም እንግዳ አይጠላም።

መሬቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕገ መንግሥታቸው ለውጭ ዜጋ ሊዝ እንጂ ሌላ አይፈቅድም፤ ሊዙም ከ99 ዓመት አይበልጥም። ቡጋንዳ በሚባለው የአገሩ ክፍል "ሜይሎ" የሚባል የባለርስት መሬት አለ። በዚያው መሬት ላይ "ኪባንጃ" የሚባል የገበሬ ይዞታ ይዘው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚኖሩ ገበሬዎች አሉ። ሕገ መንግሥቱ ከመውጣቱ በፊት 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ማንም ሳይከለክለው የኖረ ሰው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በባለርስቱ ፈቃድ ብቻ ተነሥ አይባልም። ደላላ ከባለርስቱ ጋር ያስፈርምህና ማሳው ላይ ስትደርስ ሙዝና ቡና ተተክሎ፣ ልጆች ሲጫወቱ ታገኛለህ። ወረቀትህ ትክክል ነው፣ መሬቱ ግን የለህም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይሄ ነው። እኔ የማውቃቸው የአገራችን ልጆች ገንዘባቸውን በዚህ መንገድ አጥተዋል።

ገበያውም ድንበር ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኬንያ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ አለበት ብላ የኡጋንዳና የታንዛኒያ በቆሎ እንዳይገባ ከልክላ ነበር። ክልከላው በቀናት ውስጥ በቅድመ ሁኔታ ተነሣ። ግን በእነዚያ ቀናት መኪና ላይ እህል የነበረው ሰው ምን እንደሆነ ገምቱት። ቆላው አካባቢ ደግሞ የቆላ ዝንብ አለ፤ በሬ ገንዲ በሚባለው በሽታ ያልቃል። በሬ የለመደ ሰው ትራክተር መከራየቱን ከወጪው ውስጥ ይቁጠር።

የመራዊው፦
ይኸው! ወንድማችን ራሱ እዚያ ሆኖ መሰከረ። ምኑ ነው ታዲያ የሚያስሄደው?

ካምፓላ ያለሁ፦
አትሂዱ አላልኩም አያ። ሳታውቁ አትፈርሙ ነው ያልኩት። ልዩነት አለው።

ከሳስካቹዋን፦
ካናዳ ለምትመኙም አንድ ነገር ልበል። እኔ እህል እርሻ ላይ ተቀጥሬ እሠራለሁ። እዚህ ክፍለ ሀገር የካናዳ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያልሆነ ሰው ከ10 ኤከር በላይ የእርሻ መሬት መያዝ አይችልም። ወደ አራት ሄክታር ነው። መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ዓመታት የቅጥር ሥራ፣ ከዚያ ባንክ። አንድ ኮምባይነር ባሕር ዳር ላይ ቪላ ይሠራል። ወጣት ሆኖ የሚመጣ፣ ተቀጥሮ ለመማር የሚመጣ ግን ብዙ ያተርፋል።

የመሬት አስተዳደር ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላይ ላርማችሁ። ጠያቂው መሬት ስለማይሸጥ በሩ ሁሉ ዝግ ነው ይላል። ዝግ አይደለም። የክልሉ ሕግ መሬትን ለረጅም ዓመታት ማከራየት ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። የአንድ ዓመት ኮንትራት የበዛው ሰው በቃል ስለሚዋዋል ነው፤ ባለመሬቱም ተከራዩም እርስ በርስ አይተማመኑም። በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን አስይዞ ብድር ለማግኘት መንገድ ከፍቷል። ሥራ ላይ መዋሉ ቀስ እያለ ነው፣ ግን አለ።

ለሚሄዱትም ማስጠንቀቂያ አለኝ። መሬቱን ትቶ፣ ሳያከራይ፣ ወኪል ሳያስቀምጥ ከአካባቢው የጠፋ ሰው ይዞታውን ሊያጣ ይችላል። በሥራ ዘመኔ ስንቱን አይቻለሁ። ዓረብ አገር ከርሞ ሲመለስ መሬቱ በሌላ ስም ሆኖ የሚያገኘው ብዙ ነው። ካምፓላ ያለው ልጅ የተናገረው ደግሞ የኡጋንዳ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት ለውጭ ዜጋ ከ99 ዓመት ሊዝ በላይ አይሰጥም። ዛምቢያም እንዲሁ በ99 ዓመት ሊዝ ነው። አፍሪካ ውስጥ መሬቱን ለእንግዳ ጨርሶ የሚሰጥ አገር ብዙ አታገኙም፤ እኛም አንሰጥም። ይህን እንደ ክፋት አትዩት።

የዘጌው፦
ጋሼ የነኩት ነገር ላይ ልቆይ፤ የክርክሩ ልብ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። እስካሁን የምናወራው ስለ ሂያጁ ነው። እዚያ ስላለው ገበሬ ማንም አላነሣም። እኛ ጣና ዳር ያለን ሰዎች ደግሞ ያንን ገበሬ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፣ እኛው ነንና። በነሐሴ 2008 ዓ.ም በተቃውሞው ወቅት ባሕር ዳር አጠገብ የነበረ የሆላንድ ኩባንያ የአበባ እርሻ ተቃጠለ። ማቃጠሉን አልደግፍም፤ ስንት ሰው እንጀራውን አጥቷል። ግን ጥያቄው ከየት መጣ? "ይህ የግጦሽ መሬታችን ነበር፣ ውኃው የኛ ነበር" የሚል ቅሬታ ስንሰማ አድገናል። አሁን እናንተ ኡጋንዳ ስትሄዱ ለዚያ አገር ሰው ማን ናችሁ? ቆዳችሁ ቢመሳሰልም በአጥር ውስጥ ያለው ባለሀብት እናንተ ናችሁ።

ካሩቱሪ የሚባለውን የህንድ ኩባንያ አስታውሱ። ጋምቤላ ላይ 100,000 ሄክታር ተሰጠው። በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ ባሮ ሞልቶ በቆሎውን ወሰደው። ወንዙ በክረምት ከአፉ እንደሚወጣ የአኙዋክና የኑዌር ሽማግሌ ያውቃል፤ አብሮት ነው የኖረው። ኩባንያው ከመሬቱ ጥቂቱን ብቻ አልምቶ በ2008 ዓ.ም መንግሥት ውሉን ሰረዘው። እኛ ዘጌ ላይ ደግሞ በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ በገዳማቱ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ቡናው በጫካው ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ይህን ሳያውቅ ማረሻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ቢኖር ምን ይገጥመው ነበር? እናንተ በምትሄዱበት መንደርም ማንም በወረቀት ያልጻፈው እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም።

ሕግም ይገለበጣል። ጆርጂያ የደቡብ አፍሪካ ገበሬዎችን ኑ ብላ ጋብዛ ነበር፤ ከፑንጃብም ብዙዎች ሄደው መሬት ገዙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ለውጭ ዜጋ መሸጥ ታገደ፤ በኋላ ክልከላው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። የአገሬው ገበሬ ስለተቃወመ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 ናይጄሪያ ውስጥ የክዋራ ክልል 13 የዚምባብዌ ገበሬዎችን ሾንጋ ላይ አስፍሯል። ለእያንዳንዳቸው 1,000 ሄክታር፣ ብድርም ተመቻችቶላቸው። እነዚህ የሄዱት መንግሥት ጠርቷቸው ነው። እናንተን ማን ጠራችሁ?

ጠያቂው፦
ማንም አልጠራንም። እውነት ለመናገር እዚያ ስላለው ገበሬ አላሰብንበትም ነበር። ዕቅዳችን ውስጥ የዘር ወጪ አለ፣ የትራክተር ኪራይ አለ፤ ጎረቤት የሚባል ነገር የለም።

ግን አያ ዘጌ፣ አንድ ነገር ልመልስ። ባለ ብዙ ሺህ ሄክታሩ ኩባንያና እኛ አንድ አይደለንም። እኛ እዚያው መንደር ውስጥ እንኖራለን፣ እንደ አገሬው እንቆፍራለን፣ ገበያ ላይ አብረን እንቆማለን። የመሬቱን ባለቤት ሳናፈናቅል በእኩል ብንሠራስ? እዚህ የለመድነው ሥርዓት ነው።

ካምፓላ ያለሁ፦
እሱ ይሻላል። ኪባንጃ ካለው ገበሬ ጋር በስምምነት መሥራት ይቻላል፣ የሚሠሩም አሉ። ሊዝ የሚባለውን ለጊዜው እርሱት። መጀመሪያ አንዳችሁ ወይም ሁለታችሁ ኑ፣ ተቀጥራችሁ ሁለቱንም የዝናብ ወቅት ሥሩ። ቋንቋውን ልመዱ። ካባላጋላ የሚባለው የካምፓላ ሰፈር የኛ ሰው ብዙ ነው፤ ማደሪያ አይቸግርም። የሥራ ፈቃድ ግን ከመምጣታችሁ በፊት ጨርሱ፣ በጉብኝት ቪዛ ማረስ የለም።

የፎገራዋ፦
በቅጥር ከሆነ በሬ መሸጥ አያስፈልግም ማለት ነው። እዚህ ላይ እስማማለሁ።

የመራዊው፦
እኔ አሁንም አልተስማማሁም፣ በግልጽ ልናገር። ለመማር የሄደ አይመለስም። ከመንደራችን ለሁለት ዓመት ብለው ወጥተው የቀሩትን ስም መጥራት እችላለሁ። ሰው አገር ሄዶ በእኩል ለማረስ የቆረጠ ልጅ፣ ለምን መራዊ መጥቶ በእኩል አያርስም? የቆጋ ውኃ አለ፣ መሬቱን ማረስ ያቃታቸው አረጋውያንና መበለቶች አሉ። ጋሼ እንዳሉት ውሉን ወረዳ ላይ እናስመዘግባለን። ባለመሬቶቹን እኔ አስተዋውቃችኋለሁ።

ጠያቂው፦
አያ፣ ለስንት ዓመት የሚፈርም ባለመሬት ታገኝልናለህ? ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ አፈሩን ለማዳን አይበቃም። አምስትና ከዚያ በላይ ካገኘህ ከመካከላችን ግማሾቹ መራዊ ይመጣሉ፣ ሁለቱ ካምፓላ ይሄዳሉ። በሬዎቹ አይሸጡም፤ ይህን ዛሬ ማታ ለአባቴ እነግረዋለሁ። እናቴንም እጠይቃለሁ።

የመራዊው፦
ለአምስት ዓመት የሚፈርሙ ሁለት ቤተሰቦች አውቃለሁ። ቅዳሜ ኑና አነጋግሯቸው። ካምፓላ የሚሄዱትን ሁለቱን በተመለከተ ግን ክርክሬን አላቋረጥኩም።