የተበከለ ማሳ በጎመን ዘር ይጽዳ?

ጠያቂው፦ የአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት ከፋብሪካ ፍሳሽ በሚመጣ ከባድ ብረት፣ ማለትም እንደ እርሳስና ካድሚየም ባለ መርዛማ ብረት፣ መበከሉ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። አሁን ደግሞ «የአገራችን ጎመን ዘር ይዘራበት፣ መርዙን ከአፈሩ ስቦ ያወጣዋል» የሚል ሐሳብ እሰማለሁ። ጎንደር ያለን ሰዎችም ከወዲሁ እንነጋገርበት። ወንዞቻችን አንገረብም ቀሃም መገጭ ወንዝ ይገባሉ፣ መገጭ ደግሞ ጣና ሐይቅ። ምን ትላላችሁ?

የግብርና ተማሪው፦ እኔ እደግፋለሁ። እርሳስም ሆነ ካድሚየም አይበሰብስም፤ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። ያንን አፈር ቆፍሮ መጣል የማይቻል ወጪ ነው። ጎመን ዘርና ዘመዶቹ ግን ከብረቱ የተወሰነውን በሥሮቻቸው ስበው ወደ ግንድና ቅጠል ያወጡታል። ከዚያ አጭዶ ከማሳው ማውጣት ነው። ጎመን ዘር ደጋችንን ለምዶታል፣ ቅጠሉም ብዙ ነው። በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ሙሉ በሙሉ ከዚህ ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ በርሯል። ስለዚህ ገበሬው ዘሩን ለነዳጅ ይሸጣል።

የደንቢያዋ እናት፦ ልጄ፣ ነዳጁን ተወውና የቤቴን ልንገርህ። ክረምት ላይ ጓዳ ሲጎድል የጎመን ዘር ቅጠል ተቀንጥሶ ወጥ ይሆናል። ዘሩ ተወቅጦ ምጣድ ማሰሻ ነው። አገዳው ማገዶ ነው፣ አመዱንም መልሰን ጓሮ እንደፋዋለን። ነሐሴ ላይ ለምለም ቅጠል እያየች «ይሄ መርዝ ነው» ብላ የምታልፍ እናት አለች? ማንስ ቆሞ ይጠብቃል?

ተማሪው፦ እትዬ፣ ይሄን አላሰብኩትም፤ እውነትዎን ነው። እንግዲያው የማይበላ ይሁን። ቬቲቨር ሳር አለ። እሱ ግን ብረቱን በአብዛኛው ሥሩ ላይ ነው የሚይዘው። አፈሩ ታጥቦ ወንዝ እንዳይገባ ያግዳል እንጂ ማሳውን አያጸዳም።

የአዘዞው ገበሬ፦ ማሳውን በተክል ማጽዳት ስንት ዓመት ይፈጃል?

ተማሪው፦ ብክለቱ ከበዛ አሥርት ዓመታት ሊሆን ይችላል።

የአዘዞው ገበሬ፦ እኔ ያለኝ ሁለት ቃዳ መሬት ነው። ነገ ቢበከልብኝ፣ ጤፉን ትቼ የማይበላ ስጠብቅ ልጆቼ ምን ይብሉ? ፍሳሹ ከላይ እየወረደ ከታች መዝራትስ በተበሳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። መጀመሪያ ፍሳሹ ይጣራ። ከዚያ ያቆሸሸው ፋብሪካ የምርቴን ዋጋ በየዓመቱ ይክፈል፣ የታጨደውንም ራሱ ጭኖ ይውሰድ። ይሄ በውል ከተጻፈልኝ ማሳዬ ላይ ሞክሩበት። ካልተጻፈ ጎመን ዘሩንም ቬቲቨሩንም አላስገባም።