ከአረንጓዴ ሕንፃ ቃላት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ እውነት የሚያስፈልጉት የትኞቹ ናቸው?

ባለሳይት
ሰላም ለሁላችሁ። ቦሌ አካባቢ የሚሠራ ጂ+4 ነው፤ ታች ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ፣ አንዱ ወለል ወደ 250 ካሬ። ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። አሁን ባለው ዲዛይን ፊቱ ሙሉ በሙሉ ከርቴን ዎል (የመስታወት ግድግዳ)፣ ጎኖቹ ባለ 20 ብሎኬት አሉኮቦንድ (የአሉሚኒየም ሽፋን) የሚለብስ፣ ጣሪያው ኢጋ ቆርቆሮ ነው። ባለቤቱ «አረንጓዴ ሕንፃ ይሁን» ብለዋል። አማካሪው ደግሞ የቃላት ዝርዝር ልኳል፦ ዩ ቫልዩ፣ ኤስ.ኤች.ጂ.ሲ.፣ ተርማል ማስ፣ ኢምቦዲድ ካርቦን፣ ግሬይ ዋተር፣ ኔት ዜሮ። የቃላቱ ትርጉም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። የምፈልገው የትኛው ስዕሉን እንደሚያስቀይር፣ የትኛው ለብሮሹር ብቻ እንደሆነ ነው። የአረንጓዴ ሕንፃ ሰርተፍኬት ከተፈለገስ ኤጅ (EDGE) ይሻላል ወይስ ሊድ (LEED)?

ጥላና ብርሃን
ከመስታወቱ ጀምር፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ ቀጥሎ ነው።

ዩ ቫልዩ ማለት በውስጥና በውጭ መካከል የ1 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በ1 ካሬ ሜትር የሚያልፈው ሙቀት በዋት ነው። ኤስ.ኤች.ጂ.ሲ. ደግሞ መስታወቱ ላይ ካረፈው የፀሐይ ሙቀት ውስጥ የሚገባው ድርሻ ነው። ባለ 6 ሚሊ ነጠላ ንጹህ መስታወት ዩ ቫልዩው 5.8 ገደማ፣ ኤስ.ኤች.ጂ.ሲ.ው 0.8 ገደማ ነው። አሁን ሁለቱን በአዲስ አበባ አየር አስላቸው። የውስጥና የውጭ ልዩነት 5 ዲግሪ ቢሆን በዩ ቫልዩ በኩል የሚያልፈው 29 ዋት በካሬ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ምዕራብ ፊት ላይ 600 ዋት ፀሐይ ካረፈ ግን 480 ዋት በካሬ ይገባል። በአንድ ወለል 30 ካሬ መስታወት ካለህ 14.4 ኪሎ ዋት ነው፤ በየወለሉ አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለኩሶ ቢሮ መቀመጥ ማለት ነው።

ስለዚህ «ድርብ መስታወት እናስገባ፣ አረንጓዴ ይሆናል» የሚለው እዚህ ከተማ ላይ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ንጹህ ድርብ መስታወት ዩ ቫልዩውን በግማሽ ቢያወርድም ኤስ.ኤች.ጂ.ሲ.ው አሁንም 0.7 አካባቢ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ የመስታወቱን ስፋት መቀነስ ላይ፣ ቀጥሎ የውጭ ጥላ ላይ፣ ከዚያ በኋላ መስታወቱ ዓይነት ላይ ይዋል።

ጥላውን በቁጥር ላስቀምጠው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይ ሁለቱንም ፊት ትመታለች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ከደቡብ በኩል በ58 ዲግሪ ገደማ፣ በሰኔ ከሰሜን በኩል በ76 ዲግሪ ገደማ ትቆማለች። ቁመቱ 1.20 ሜትር የሆነ መስኮት በእኩለ ቀን ሙሉ ጥላ እንዲያገኝ የደቡቡ ክዳን 75 ሳንቲ ያህል፣ የሰሜኑ 30 ሳንቲ ያህል መውጣት አለበት። በምሥራቅና በምዕራብ ግን አግድም ክዳን ዋጋ የለውም፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከሥሩ ትገባለች። እዚያ የሚሠራው ቀጥ ብሎ የቆመ ክንፍ፣ ወይም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ደረጃውን፣ ሊፍቱን፣ መጸዳጃውንና ስቶሩን ወደ ምዕራብ ማዞር ነው። ይሄ ወጪ የለውም፤ ግን ስዕሉ ከመጽደቁ በፊት ብቻ ነው የሚቻለው።

ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቲንት መስታወት መፍትሔ ይመስላል። ሙቀቱን ራሱ ውጦ ከፊሉን ወደ ውስጥ ይረጫል፤ ብርሃኑንም ስለሚቆርጥ አምፖል ቀኑን ሙሉ ይበራል። በዚያ ላይ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ ሲሆን ከጠርዙ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ምክንያቱም የሞቀው መሐሉ ሲሰፋ በፍሬም የተሸፈነው ጠርዝ ቀዝቅዞ ይቀራል። ቴምፐር ያልተደረገ (በሙቀት ያልተጠናከረ) ቲንት ምዕራብ ላይ አታስገባ።

ፌሮና ሲሚንቶ
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ካርቦን ነው የምንቆጥረው ከተባለ መስታወቱ ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ኢምቦዲድ ካርቦን ማለት ሕንፃው አንድ ቀን ሳይገለገል፣ ዕቃው ሲመረት፣ ሲጓጓዝና ሲገነባ የወጣው ካርቦን ነው። የአውሮፓ መመሪያዎች በማሞቂያ ፍጆታ የሚጀምሩት እዚያ ክረምቱ ስለሚያስገድድ ነው። የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ፣ ጄኔሬተሩን ካወጣህ፣ በአገልግሎት ዘመኑ የሚወጣው ካርቦን ትንሽ ነው። ትልቁ ድርሻ ኮንክሪቱ፣ ፌሮው፣ አሉሚኒየሙና መስታወቱ ውስጥ አለ። ስለዚህ እዚህ ከተማ «አረንጓዴ» የሚያሰኘው ውሳኔ የሚወሰነው በአብዛኛው በስትራክቸራል ስዕሉ ነው።

ምሳሌ፦ 5 ስላብ × 250 ካሬ × 20 ሳንቲ ውፍረት 250 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብንይዝ 90 ቶን፣ ማለትም 900 ኩንታል ነው። ኦ.ፒ.ሲ. (ተራው ሲሚንቶ) ውስጥ ክሊንከሩ፣ ማለትም በምድጃ ተቃጥሎ የሚፈጨው ዋናው ግብዓት፣ 95 በመቶ ገደማ ነው። ፒ.ፒ.ሲ. በሚባለው ሲሚንቶ ውስጥ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ፖዞላና ስለሚገባ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንድ ቶን ክሊንከር 0.85 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ከግማሽ በላዩ ከድንጋዩ ራሱ ስለሚወጣ ምድጃውን በንጹህ ኃይል ብታነደውም አይቀርም። ልዩነቱ በስላብ ብቻ ወደ 19 ቶን ነው፣ ዋጋውም አይጨምርም።

የሚበላሸው ደግሞ እንዲህ ነው። ፒ.ፒ.ሲ. ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው። ፎርማኑ በኦ.ፒ.ሲ. የለመደውን ቀን ቆጥሮ ፑንቴሎ (የስላቡን ድጋፍ) ካነሳ ስላቡ ይጎብጣል፣ ከሥሩም የፀጉር ስንጥቅ ያወጣል። የ7 ቀን ኪዩብ (የኮንክሪት ናሙና) ውጤት ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ ግን ፑንቴሎ የሚነሳው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በኪዩብ ውጤት ነው ብላችሁ ሜቶድ ስቴትመንቱ (የአሠራር ሰነዱ) ላይ ጻፉት። ውሃ ማጠጣቱም 7 ቀን አይበቃውም፤ 14 ይሁን። በበጋ ነፋስ የተጋለጠ ስላብ ላይ ጆንያ አልብሶ ማርጠብ ነው፤ ጠዋትና ማታ በቱቦ መርጨት ብቻ አያዋጣም።

ከሲሚንቶው ዓይነት በላይ የሚቀንሰው ግን ስፓኑ ነው። የኮለን ርቀትን ከ7.5 ወደ 6 ሜትር ማምጣት ስላቡንም ቢሙንም ያቀጥናል። ብሎኬቱን በፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አስመርቱ፤ ቀለል ስለሚል ፋውንዴሽኑም ይቀንሳል፣ ሙቀትም ያነሰ ያስተላልፋል። አሉኮቦንዱን ደግሞ ተዉት። አሉሚኒየም ለማምረት ብዙ ኃይል ከሚበሉ ብረቶች አንዱ ነው፣ ከውጭ ይመጣል፣ መሐሉ ተራ ፕላስቲክ የሆነው ደግሞ እሳት ይዞ ወደ ላይ ይሮጣል። በደንብ የተለሰነ ግድግዳ ምን ጎደለው?

ባለሳይት
በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። ባለቤቱ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አይተዉትም፤ 40 በመቶ ድረስ ግን ሊወርዱ ይችላሉ። ተርማል ማስና ኢጋው ቀሩን። ሌላው፣ የጣሪያ ውሃ አጠራቅመን ዓመቱን ሙሉ መጸዳጃ እናጥባለን የሚል ዕቅድ አለ። ያስኬዳል?

ጥላና ብርሃን
40 በመቶ ጥሩ ነው። ብርሃን ወደ ውስጥ የሚደርሰው ከወለል እስከ መስኮቱ አናት ያለውን ቁመት 2 እስከ 2.5 እጥፍ ያህል ነው። አናቱ 2.60 ላይ ከሆነ 6 ሜትር ድረስ ትጠቀማለህ፤ ከጉልበት በታች ያለው መስታወት ሙቀት እንጂ ብርሃን አይጨምርልህም።

ተርማል ማስ ከባድ ዕቃ ቀን ሙቀት ውጦ ማታ የሚለቅበት ጠባይ ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ለእኛ የተሰጠ ስጦታ ነው፣ ግን በጂፕሰም ኮርኒስ እንገድለዋለን። ስላቡ ከሥሩ ኮርኒስ ከተሰቀለለት ከክፍሉ አየር ጋር አይገናኝም። የቢሮዎቹን ስላብ ልሰህ ቀለም ቀብተህ ተወው፤ ኮርኒስ በኮሪደርና በመጸዳጃ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ጥፋት ማታ ዘበኛው መስኮቱን ሁሉ መዝጋቱ ነው፤ ስላቡ የዋጠውን ሙቀት ይዞ ያድራል። ከመስኮቱ በላይ ግሪልና የወባ ወንፊት ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ ሉቨር ካደረግህ በሩ ተቆልፎም አየር ያልፋል። በሁለት ወገን ክፍት ከሆነ የወለል ከፍታውን እስከ 5 እጥፍ ስፋት ድረስ አየሩ ይዘልቃል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ 2 እጥፍ አካባቢ ነው። ፋን የምትመርጥ ከሆነ ካታሎጉ የባሕር ጠለል አየርን ይዞ ነው የሚያሰላው። እዚህ አየሩ በሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ያው ሜትር ኪዩብ በሩብ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣልህ።

ኢጋ ብቻውን ዩ ቫልዩው 7 አካባቢ ነው። ቺፕውድ ኮርኒስ ሲጨመር 2.5፣ ከኮርኒሱ በላይ 5 ሳንቲ ሮክዉል (የሙቀት መከላከያ) ሲነጠፍ 0.6 አካባቢ ይደርሳል። ሮክዉሉን ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቀው። ሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የሚያልበው ውሃ ያረጥበዋል፤ የረጠበ ሮክዉል ደግሞ አይሠራም።

ቧንቧ ሠሪ
ዓመቱን ሙሉ የሚለው አያስኬድም። ከተማው በዓመት ከ1,100 ሚሊ በላይ ዝናብ ያገኛል፤ በ250 ካሬ ጣሪያ በ0.8 ብታሰላው 220 ሜትር ኪዩብ ነው፣ ብዙ ይመስላል። ግን አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። መጸዳጃው በቀን 600 ሊትር ከፈለገ 10,000 ሊትር ሮቶ ከሞላበት ቀን ጀምሮ የሚያዘልቀው 16 ቀን ነው። መስከረም መጨረሻ የሞላው ጥቅምት ላይ አለቀ ማለት ነው። በጋውን ሙሉ ልሸፍን ካልህ ምድር ቤቱ በሙሉ ታንከር ይሆናል። ሮቶውን ለክረምትና ለበልግ ተጠቀምበት፤ ለበጋው 3 እና 6 ሊትር የሚለቅ ባለሁለት ቁልፍ ሲፎንና በደቂቃ ከ6 ሊትር የማይበልጥ ቧንቧ ይበልጥ ያተርፍሃል። ከእያንዳንዱ ዝናብ መጀመሪያ የሚወርደውን፣ በ1 ሚሊ ሒሳብ ለዚህ ጣሪያ 250 ሊትር፣ ወደ ውጭ የሚለቅ ቧንቧ ከአሸንዳው ቀጥሎ ይግባ። አቧራውና የወፍ ኩሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ግሬይ ዋተር የእጅ መታጠቢያና የሻወር ውሃ ነው፤ የወጥ ቤት ቅባት ያለው ውሃ አይገባበትም። ከ24 ሰዓት በላይ ካደረ ይሸታል። በቢሮ ሕንፃ የሚገኘው መጠን ትንሽ ስለሆነ እኔ አልመክርም። ከፈለጋችሁ ግን አሁኑኑ ሻፍቱ ውስጥ ለብቻው ቧንቧ ይሳል። ሳኒተሪ ስዕሉ ላይ ካልተለየ ሠራተኛው ከዋናው መስመር ጋር ይቀጥለዋል፤ ከተለሰነ በኋላ ማስተካከያ የለውም።

ፌሮና ሲሚንቶ
ስለ ሰርተፍኬቱ፦ ለዚህ መጠን ኤጅ ይበቃል። የአይ.ኤፍ.ሲ. (የዓለም ባንክ ቡድን አካል) ሥርዓት ነው፤ ከአካባቢው የተለመደ አሠራር አንፃር በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ በሦስቱም ቢያንስ 20 በመቶ መቆጠብ ይጠይቃል፤ በአንዱ 35 አምጥተህ በሌላው 15 ከሆንህ አታልፍም። ሊድ ነጥብ የማጠራቀም ነው፤ ከ110 ነጥብ 40 ሲሞላ ይሰጣል፣ 60 ጎልድ፣ 80 ፕላቲነም፤ ሰነዱም ወጪውም ይበዛል። የውጭ ድርጅት ተከራይ ካልጠየቀ አትግቡበት።

የኤጅ ሶፍትዌር በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አማካሪውን ሳትጠብቅ ስዕሉን አስገብተህ ሞክረው። ኤ.ሲ. ባታስገባም ሰው እንዲመቸው የሚያስፈልገውን ማቀዝቀዣ እንደ ፍጆታ ይቆጥርብሃል፤ ስለዚህ የምዕራቡ መስታወት እዚያም ያገኝሃል። ኔት ዜሮን (ሕንፃው በዓመት የሚጠቀመውን ያህል ኃይል ራሱ ማመንጨቱን) ለጊዜው እርሱት፤ መጀመሪያ ያንን መስታወት 40 በመቶ ላይ አድርጋችሁ፣ ሲሚንቶውን ፒ.ፒ.ሲ. አድርጋችሁ አስሉ። የመጀመሪያ ደረጃ ሰርተፍኬቱ በስዕል ነው የሚሰጠው፤ የመጨረሻው ግን ግንባታው ሲያልቅ ኦዲተር መጥቶ ካየ በኋላ ነው። የሲሚንቶውን ደረሰኝ፣ የመስታወቱን ስፔሲፊኬሽንና ሮክዉሉ ሲነጠፍ የተነሳ ፎቶ ከአሁኑ ፋይል አድርግ፤ ኮርኒሱ ከተመታ በኋላ ከበላዩ ያለውን ማሳየት አትችልም።