ሎራ ሞጁሌ ከጣና ዳር ፓምፕ ቤት ድረስ አልደርስ አለኝ፣ እርዱኝ

የማንጎው ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከባህር ዳር ወደ ዘጌ መስመር ሐይቁ ዳር የአባቴ ማንጎ አለ፣ ውሃ የምንስበው በናፍጣ ሞተር ነው፣ እና እምቦጩ ሐይቁ ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ቱቦ ጫፍ ይደፍነውና ሞተሩ በባዶው ይሽከረከራል፣ አምና አንድ ፓምፕ እንደዚህ ተቃጥሎብናል። ሰው ሁሌ እዛ ቁጭ አይልም ስለዚህ ማውጫው ቱቦ ላይ የግፊት ሴንሰር አስሬ በ433 ሜጋኸርዝ ሎራ ሞጁል (በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚልክ ሬዲዮ ነው) ወደ ቤት ልላክ ብዬ ጀመርኩ። ከፓምፑ እስከ ቤታችን በካርታ 1.8 ኪሎ ሜትር ነው። ክፍሌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ጥርት አድርገው ያወራሉ፣ ቦታው ላይ ግን 300 ሜትር ሳልርቅ ይጠፋል። ሻጩ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኝ ነበር ሃሃ። የሚልክበትን ኃይል 20 ዲቢኤም (የሬዲዮ ኃይል መለኪያ) ላይ አድርጌዋለሁ ከዛ በላይ የለውም። ማጉያ ልግዛ?

ሽምብጥ፦ በሲም ካርድ የሚሰራው አይቀልህም ወንድሜ?

የማንጎው ልጅ፦ እዛ ኔትወርክ አንድ ባር ነው፣ እሱም ሲፈልግ።

ዲሽ ሰሪው፦ ማጉያ እንዳትገዛ። አንቴናው ስንት ሴንቲ ነው?

የማንጎው ልጅ፦ አብሮት የመጣው ጥቁሩ አጭሩ ነው። ላስቲኩን ገፍፌ አየሁት፣ ውስጡ ቀጥ ያለ 8 ሴንቲ ሽቦ ነው፣ ያልተጠመጠመ።

ዲሽ ሰሪው፦ በቃ ተገኘ። እሱ የ868 አንቴና ነው፣ ሞጁልህ ደግሞ 433። 7500ን ለሜጋኸርዙ አካፍለው፣ የሩብ ሞገዱን ርዝመት በሴንቲ ይሰጥሃል፣ ለ433 17.3 ነው። ነጠላ የመብራት ሽቦ በዚህ ልክ ቁረጥና አንቴና የሚለው ነጥብ ላይ ሶልደር አድርገህ ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ ከግራውንዱ ደግሞ ሌላ እኩል ሽቦ ወደታች ልቀቅ። ሁለቱም ጋ እንደዚያው። ብቻ ያለ አንቴና እንዳታበራው፣ ኃይሉ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ቺፑን ነው የሚጠብሰው።

ፖሊ፦ ሴንሰሩን ለማንበብ አርዱዊኖ ኡኖ የምትባለዋን መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው የምትጠቀመው? ከሆነ ሁለት ነገር። ሞጁሉ 3.3 ቮልት ነው፣ የኡኖ ፒኖች 5 ስለሚያወጡ መሃል ላይ ቮልቴጅ መቀነሻ ያስፈልግሃል። ደግሞ በ20 ዲቢኤም ሲልክ 120 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይጎትታል፣ የኡኖው 3.3 ፒን ግን 50 ነው የሚችለው፣ ስለዚህ ለብቻው 3.3 ቮልት የሚሰጠው ሬጉሌተር አድርግለትና ሞጁሉ አጠገብ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምር፣ እኔ ሁለት ሳምንት ኮዴ ላይ ስህተት ስፈልግ ኖሬ ለካ ሲልክ ሲልክ ሪሴት እያደረገ ነበር። ስፕሬዲንግ ፋክተሩ (ከፍ ሲል መልእክቱ ቀስ ብሎ ግን ሩቅ የሚሄድበት የሎራ ቁጥር) 7 ከሆነ 9 አድርገው፣ ሁለቱም ጋ አንድ አይነት ካልሆነ አይሰማሙም። 12 ድረስ አትሂድ፣ አንዷ መልእክት ከ1 ሰከንድ በላይ አየር ላይ ትቆያለች፣ ባትሪህን ይበላዋል።

ጣና ዳር፦ ልጄ ሳጥኑን የት ነው ያስቀመጥከው?

የማንጎው ልጅ፦ ሞተሩ ቤት ውስጥ ጋሼ፣ ቆርቆሮ ነው፣ ፊት ለፊቱ ደንገል አለ ከኋላ ማንጎው።

ጣና ዳር፦ እንግዲህ ቆርቆሮ ውስጥ ቆልፈህበት እንዴት ይሰማ። ሬዲዮ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ አይበቃውም፣ በመስመሩ ዙሪያም ክፍት አየር ይፈልጋል፣ በአንተ ርቀት መሃል ላይ ወደ 18 ሜትር ራዲየስ ይሆናል። ያን ሁሉ ማስለቀቅ አትችልም፣ ግን ከማንጎው ጫፍ በላይ ካወጣኸው ብዙ ነው፣ እርጥብ ቅጠል ሲግናል ይውጣል። ረዘም ያለ ቀርከሃ አቁም፣ ሬዲዮውን ራሱን በፕላስቲክ ሳጥን ጫፉ ላይ ስቀለውና የሴንሰሩንና የባትሪውን ሽቦ ወደታች አውርድ። ሬዲዮውን ታች ትተህ አንቴናውን በቀጭን ኬብል አታውጣ፣ ኬብሉ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

አባይ ማዶ፦ እኔ የማውቀው 433 ያለ ፈቃድ ነፃ ነው ሲባል በአነስተኛ ኃይል ነው። አውሮፓ ላይ 433 በ10 ሚሊዋት የተገደበ ነው፣ 20 ዲቢኤም ግን 100 ሚሊዋት ነው፣ በማጉያማ አይነሳ። እኛ ጋ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ስለሆነ እነሱን ጠይቅ። ደግሞ ሌላ ጊዜ 915 የሚል ሞጁል ረከሰ ብለህ እንዳትገዛ፣ ከ880 እስከ 915 ያለው የሞባይል ነው።

የማንጎው ልጅ፦ ተመለስኩ ቤተሰብ። ሽቦውን 17.3 ቆረጥኩ፣ ቀርከሃው 7 ሜትር ነው፣ የቤቱን ደግሞ ጣሪያ ላይ አወጣሁት። ኃይሉን 10 ዲቢኤም አወረድኩት፣ ስፕሬዲንግ ፋክተሩ 9 ላይ ቤት ድረስ ይመጣል፣ የሲግናሉን ጥንካሬ ከ108 እስከ 112 ኔጌቲቭ ዲቢኤም ያሳየኛል፣ ትናንት ዝናብ ውስጥም አልጠፋም። ከዚያ 11 ሰዓት ላይ ግፊት ወረደ ብሎ ጮኸ፣ ታናሽ ወንድሜ እምቦጭ ነው ብሎ ማጭድ ይዞ ሮጠ፣ ሲደርስ ናፍጣው አልቆ ነው።

ዲሽ ሰሪው፦ ሃሃሃ የናፍጣ ሴንሰር ደግሞ ስትጨምር ንገረኝ በል።