የዘረት ዋሻ ዐፅሞችን በዲኤንኤ ምርመራ መለየት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ «ከመንዝ»

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤታችን ሲነገር የሰማሁትንና እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘሁለትን ጉዳይ ላቀርብላችሁ ነው። የአባቴ አባት ወንድም በጣልያን ወረራ ዘመን ከአርበኞች ጋር በሰሜን ሸዋ የሚገኘው ዘረት ዋሻ ገብተው በዚያው እንደ ቀሩ አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይናገሩ ነበር። አስከሬናቸውን ያየ የለም፤ ፍትሐታቸው የተፈታውም ሆነ ተዝካራቸው የወጣው በወሬ ነጋሪ ቃል ብቻ ነው። በዋሻው ውስጥ የሰው ዐፅም እንዳለ ግን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል።

በውጭ አገር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሞቱ ነገሥታት እንኳ በዲኤንኤ ምርመራ ማንነታቸው እንደ ታወቀ አንብቤአለሁ። ለመሆኑ ከ80 ዓመት በላይ በዋሻ ውስጥ ከቆየ አጥንት ዘረ መል (ዲኤንኤ) ማግኘት ይቻላልን? ቢገኝስ፣ የወንድም የልጅ ልጅ የሆንኩት እኔ ደሜን ብሰጥ ከዚያ ሁሉ ዐፅም መካከል የእርሳቸውን ለመለየት ይበቃልን? ሌላው የሚያሳስበኝ ነገር ከሳይንሱ ውጭ ነው፤ በግፍ ያለቁ ሰዎችን ዐፅም ለዚህ ብሎ መንካት ተገቢ መሆኑን እጠራጠራለሁ። በዚህም በኩል የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ «የሥነ ሕይወት መምህር»

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ከአገራችን ሳልወጣ ልመልስ። በጋሞ ደጋ ሞታ በሚባል ዋሻ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ አንድ ሰው የሞተው ከ4,500 ዓመት በፊት ነው፤ ተመራማሪዎች ሙሉ የዘረ መል ቅደም ተከተሉን አንብበው እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ አድርገዋል። ከአፍሪካ ምድር በዚህ መንገድ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው እርሱ ነው። ይህ የሆነው ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝና ቅዝቃዜው ዐፅሙን ስለ ጠበቀው፣ ናሙናውም የጆሮን ውስጠኛ ክፍል ከሚሸፍነው እጅግ ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት ስለ ተወሰደ ነው። ዘረ መልን የሚሰባብሩት ከዕድሜው ይልቅ ሙቀት፣ እርጥበትና ባክቴሪያ ናቸው። ስለዚህ በደጋው አገር በዋሻ ጥላ ሥር የቆየ ዐፅም በ80 ዓመት ውስጥ ዘረ መሉን ጨርሶ ያጣል ብዬ አላስብም፤ ጥርስና የጭን አጥንትም ጥሩ ምንጮች ናቸው።

ከዚህ የሚከብደው የዐፅሞቹ መቀላቀል ነው። በአንድ ስፍራ ብዙ ሰው ባለቀበት ቦታ የራስ ቅሉ የአንዱ፣ አጠገቡ ያለው የእግር አጥንት የሌላው ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱ አጥንት ለብቻው መመርመር ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በቦስኒያ በስሬብሬኒጻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ገዳዮቹ የጅምላ መቃብሮቹን በማሽን ቆፍረው ዐፅሙን ወደ ሌሎች ጉድጓዶች አጋዙት፤ የአንድ ሰው አካል በተለያዩ መቃብሮች ተበታትኖ ተገኘ። ያም ሆኖ ወደ 7,000 የሚጠጉት ማንነታቸው ሊታወቅ ችሏል። ይህን ያስቻለው ምርመራው ብቻ አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘመዶች ደማቸውን ሰጥተው ማነጻጸሪያ ስለ ተገኘ ነው። አጥንት በራሱ ስም አይናገርም፤ ስሙን የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው።

ወደ እርስዎ ደም ልምጣ። ወንድማማቾች ግማሽ ያህሉን ዘረ መል ይጋራሉ፤ የወንድም ልጅ ሩቡን፣ የወንድም የልጅ ልጅ ደግሞ በአማካይ 12.5 በመቶውን ይጋራል። ይህ አባትነትን ለማረጋገጥ በሚደረገው በተለመደው ምርመራ አስተማማኝ ውጤት አይሰጥም፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን የሚያነብበው አዲሱ ዘዴ ግን ሊይዘው ይችላል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ እምብዛም ሳይለወጥ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞምም ሊረዳን ይችላል፤ ይሁን እንጂ አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወንድም ሲሉ በአባትም በእናትም ነው? በእኛ አገር የእናት ልጅም የአባት ልጅም፣ አንዳንድ ጊዜ የአጎት ልጅም ሳይቀር ወንድም ስለሚባል መልሱ ምርመራውን ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል።

መልስ፦ «ታሪክ አንባቢ፣ ደብረ ብርሃን»

መምህሩ ስለ ዘረ መል ያሉትን ለእርሳቸው ትቼ ዐፅሙ የት ሊሆን እንደሚችል ልናገር፤ በዋሻው ውስጥ የሞቱት ሁሉም አይደሉምና። ጥቃቱ የተፈጸመው ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን 1931 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዋሻው ውስጥ ከአርበኞቹ ጋር ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ነበሩ። የጣልያን ጦር በመድፍና በመትረየስ አልሆንለት ሲል የሰናፍጭ ጋዝና አርሲን የሚባለውን መርዝ ተጠቀመ። እጃቸውን ከሰጡት መካከል ወንዶቹ ተለይተው በገደል አፋፍ ላይ ተረሸኑ፤ ቁጥራቸውም ወደ 800 እንደሚደርስ ጣልያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የራሱን አገር የጦር ሰነዶች መርምሮ ጽፏል። ጥቂቶች ደግሞ በሌሊት ከበባውን ጥሰው አምልጠዋል።

ስለዚህ አያትዎ «ዋሻ ገብቶ ቀረ» ያሉት ሰው በጋዙ ከሞቱት አንዱ፣ ወይም ወደ ገደሉ ከተወረወሩት አንዱ፣ ወይም ከበባውን ጥሰው ሲወጡ በመንገድ ከወደቁት አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ገደል የገባው ዐፅም ከ80 ክረምት ጎርፍና ከአውሬ በኋላ ምን ያህል እንደ ተረፈ መገመት አያስቸግርም። በቅርስ ጥናት ባለሙያዎች ዋሻው በተቃኘ ጊዜ በውስጡ የሰው ዐፅም፣ የቤት ዕቃና የጥይት ቀለህ ታይቷል፤ ስለዚህ ምርመራ ቢደረግ የሚጀመረው ከዚያ ይሆናል። በዋሻው ውስጥ ባይገኙ ግን «አልሞቱም» ወይም «ቤተሰቡ ተሳስቷል» ማለት አይደለም።

ጠያቂው ሲመልስ፦ «ከመንዝ»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ገደሉ የተነገረኝን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ አያቴ ስለዚያ አንድም ቀን ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። መምህር ለጠየቁኝ ጥያቄ አባቴን ደውዬ አጣርቻለሁ። አያቴና ወንድማቸው የእናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ይለያያል። ከዚያችው እናት የተወለዱ አንዲት እኅት ነበሯቸው፤ የእርሳቸው ልጅ ዛሬ በዕድሜ የገፉ ሆነው ደብረ ሲና ይኖራሉ። እኛ እትዬ እንላቸዋለን።

መልስ፦ «የሥነ ሕይወት መምህር»

እንግዲህ 12.5 በመቶ ያልኩት ወደ 6.25 ይወርዳል፤ ዋይ ክሮሞዞሙም አይሆንም፣ የሁለቱ አባት አንድ አይደለምና። ይህን ብቻ ቢነግሩኝ ኖሮ ተስፋ አስቆርጥዎ ነበር። እትዬ ግን ነገሩን ለውጠውታል።

በአብዛኛው የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ከዋናው ዘረ መል ውጭ ሚቶኮንድሪያ በሚባሉ ጥቃቅን አካላት ውስጥ የሚገኝ 16,569 ፊደላት ብቻ ያሉት አጭር ዘረ መል አለ። ዋናው ዘረ መል በአንድ ሕዋስ ውስጥ በሁለት ቅጂ ሲገኝ የዚህ ቅጂ በመቶዎችና ከዚያም በላይ ስለሚቆጠር ባረጀ አጥንት ውስጥ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ልጆች ሁሉ፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ከእናታቸው ይወርሱታል፤ ለቀጣዩ ትውልድ የሚያስተላልፉት ግን ሴቶቹ ብቻ ናቸው። የአያትዎ ወንድም ከእናታቸው ወረሱት፤ እኅታቸውም ያንኑ ወረሱ፣ ለልጃቸው ለእትዬም አስተላለፉ። እርስዎ ግን የወረሱት የእናትዎን ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ከእርስዎ ደም ይልቅ የእትዬ ምራቅ ይበልጣል።

የሩሲያው ንጉሥ የኒኮላስ ቤተሰብ ዐፅም በተመረመረ ጊዜም የተሠራው እንዲሁ ነው፤ የንግሥቲቱን ዐፅም ለመለየት ናሙና የሰጡት የእኅታቸው የልጅ ልጅ የሆኑት የእንግሊዙ ልዑል ፊሊፕ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1485 በጦር ሜዳ የሞተው የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ ዐፅም በ2012 ሌስተር ከተማ ሲገኝም ማነጻጸሪያው የተገኘው ከእኅቱ በሴት በኩል ከተወለዱ ሁለት ሰዎች ነው። በወንድ በኩል ከተፈለጉት ዘመዶች ግን ዋይ ክሮሞዞሙ አልገጠመም፤ በመካከል ካሉት ትውልዶች በአንዱ አባት የተባለው ሰው አባት አልነበረም ማለት ነው። ያም ሆኖ የጦር ቁስሉ፣ የጀርባው መጣመም፣ የዐፅሙ ዕድሜና የእናት በኩሉ ማስረጃ አንድ ላይ ሲመዘኑ ማንነቱ ከ99.999 በመቶ በላይ ተረጋግጧል።

በእናት በኩል ስለሚወረሰው ስለዚህ የዘረ መል መስመር መሰወር የሌለብኝ ነገር አለ። የእናት መስመሩ የማይገጥም ከሆነ «እርሳቸው አይደሉም» ብሎ መናገር ይቻላል፤ ከገጠመ ግን «እርሳቸው ናቸው» ማለት አይደለም። ወደ ዋሻው የገባው ሰው በየቤተሰቡና በየመንደሩ ሆኖ ከሆነ፣ የእናታቸው እኅት ልጆችም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነርሱም ያንኑ መስመር ይጋራሉ። ስለዚህ ዕድሜያቸውን፣ ቁመታቸውን፣ የተሰበረ አጥንት ወይም የጎደለ ጥርስ እንደ ነበራቸው የሚያስታውስ ካለ መመዝገብ ያስፈልጋል። አገራችን አጥንት ቆጥሮ ርስት ሲጠይቅ የኖረ አገር ነው፤ በእናትም በአባትም አቅኚ አባት እስኪደረስ ይቆጠር ነበር። ለዚህ ምርመራ የሚፈለገው ግን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ብቻ የሚሄደው ቆጠራ ነው፤ ይህን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ አሮጊቶች ስለሆኑ ሳይዘገይ ይጻፍ።

መልስ፦ «የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ»

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ልናገር። ዐፅም ማንሣት በእኛ ሥርዓት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም ግንቦት 12 ቀን እናከብራለን። በ1929 ዓ.ም. የጣልያን ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያጋዘው በዚሁ በዓል ለተሰበሰበው ሕዝብ ወጥመድ ዘርግቶ ነው፤ ቆይቶም ከገዳሙ የተወሰዱ ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተረሽነዋል። እኔ ስለ ዐፅም ባሰብኩ ቁጥር እነርሱ ይታወሱኛል፤ በየስማቸው ጸሎት የሚደረስላቸው ስንቶቹ ናቸው?

ይሁንና በአንድ ነገር ከብዙዎች እለያለሁ። አብረው የሞቱትን አንዱን ለይቶ ወደ ሰበካው ወስዶ መቅበር፣ ሌላውን «ያልታወቀ» ብሎ እዚያው መተው ለእኔ ይከብደኛል። ናሙና ተወስዶ ስማቸው ቢታወቅ፣ ዐፅማቸው ግን በአንድነት በክብር ቢያርፍ እመርጣለሁ። በተረፈ ማንም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ በራሱ ፈቃድ አጥንት ማንሣት የለበትም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቁፋሮም ሆነ ጥናት የሚካሄደው በፈቃድ ነው።

መልስ፦ «የሥነ ሕይወት መምህር»

በዚህ እስማማለሁ፤ በባዶ እጅ የተነካ አጥንት የነካውን ሰው ዘረ መል ስለሚይዝ ለምርመራውም ጠንቅ ነው። ጠያቂው ለአሁኑ ደብረ ሲና ወርደው እትዬን ቢያነጋግሩ ይበቃል። ሲያነጋግሯቸው የእናታቸውን፣ የአያታቸውንና የሴት ልጆቻቸውን ስም በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ ከመስመሩ ውስጥ የጡት ልጅ ወይም በማደጎ ያደገ ሰው መኖሩንም ይጠይቁ። ይህን የመጨረሻውን ግን ሰው በተሰበሰበበት አይጠይቁ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ለምን እንደሚፈለግ አስቀድመው አስረድተዋቸው ይሁን።