ለጋራ ፕሮፖዛሉ፦ ሃይድሮጅኑ ይቅደም ወይስ አሲዱ?

አስተባባሪ፦
ሰላም አባላት። ባክቴሪያ ስኳርን አብላልቶ ሃይድሮጅንና አሲድ እንዲሰጠን ባቀድንበት ረቂቅ ላይ የላካችሁትን አስተያየት ሰብስቤ አንብቤዋለሁ። ያልተቋጨው ጉዳይ ጥሬ ዕቃው ነው። ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ) ግማሽ ያህሉ ስኳር ስለሆነ ሙከራው ቶሎ ይያዛል፤ ግን አልኮል ፋብሪካውም መኖ አቀናባሪውም ይሻማበታል። ቪናሱስ፣ አልኮሉ ተጣርቶ ሲወጣ የሚቀረው ፍሳሽ?

ከአልኮል ማጣሪያ በኩል፦
እኔ ቪናስ ይሁን ባይ ነኝ። አንድ ሊትር አልኮል ስናወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር ቪናስ ይወጣል። ከማጣሪያው ማማ ሲወርድ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የሚፋጅና ኮምጣጣ ነው፤ ኩሬ ውስጥ ሲሰነብት ሽታው ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተለናል። ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ ከተጠቀማችሁ ማሞቂያ ላያስፈልግ ይችላል። ሰልፌት (የድኝ ጨው) እንዳለበት ግን አትርሱ።

ከማይክሮባዮሎጂ በኩል፦
ሰልፌቱን ማንሳትህ ጥሩ ነው ወንድሜ። እሱን የሚጠቀሙት ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅናችንን በልተው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ይሰጡናል። ሚቴን ሠሪዎቹም እንዲሁ ሃይድሮጅን በሊታ ናቸው። ስለዚህ የምንጀምርበትን ባክቴሪያ ያለበት ዝቃጭ እናፍላው፤ ሚቴን ሠሪዎቹ ሲሞቱ ሃይድሮጅን የሚሰጠን ባክቴሪያ ክሎስትሪዲየም በስፖሩ (ሙቀት በሚቋቋም ሽፋኑ) ውስጥ ሆኖ ይተርፋል። ከዚያ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 5.5 አካባቢ መያዝ ነው። በቪናስ ውስጥ የሚቀረው ስኳር ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ሞላሰስ ይቀላቀልበት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ርዕሱ ነው። በአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ውስጥ ያለው ጉልበት የ12 ሃይድሮጅን ሞለኪውል ያህል ነው። በጨለማ ፍላት (ባክቴሪያው ያለ ብርሃንና ያለ ኦክስጅን ሲያብላላ) ቢበዛ የምናገኘው 4 ነው፣ ያውም ሁሉም ወደ አሴቲክ አሲድ ከሄደ። ወደ ቡቲሪክ ካዘነበለ 2 ብቻ! የቀረው ጉልበት የትም አልጠፋም፣ አሲዱ ውስጥ ነው ያለው። “ሃይድሮጅን እናመርታለን” ብለን አሲዱን እንደ ፍሳሽ ከቆጠርነው ትልቁን ድርሻ ደፋነው ማለት ነው።

ክሎስትሪዲየም ክሉይቬሪ የሚባለው ባክቴሪያ አሴቲክ አሲድንና ኤታኖልን (ፋብሪካው የሚያወጣውን አልኮል) አገናኝቶ ባለ 6 ካርቦኑን ካፕሮይክ አሲድ ይሠራል። ይህ አሲድ በውሃ ብዙ ስለማይሟሟ መለየቱ ከአሴቲክ ይቀላል። ኤታኖሉ ደግሞ እዚያው ፋብሪካው ግቢ ውስጥ አለ።

ከአልኮል ማጣሪያ በኩል፦
ኤታኖሉን በእኛ ጣሉት። ከካፕሮይኩ የሚተርፈውን ፍሳሽ ግን ወደ ሚቴን ጋን አስገቡልን፤ ኩሬው ካልቀለለ የፋብሪካው ኃላፊዎች አይፈርሙም።

አስተባባሪ፦
እንግዲያው ርዕሱ “ከቪናስ ኦርጋኒክ አሲዶችና ሃይድሮጅን ማምረት” ይሁን፣ ሚቴኑም እንደ መጨረሻ ደረጃ ይግባ። በጀቱን ከመጻፌ በፊት የቪናሱን የሰልፌት መጠን ማወቅ አለብኝ። ናሙናውን ማን ይወስዳል?