ጀሚኒድን ለማንሳት ከደሴ የት እንውጣ፦ ሐይቅ ወይስ ጉጉፍቱ?

የፒያሳው፦
ሰላም ወገን። ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ 2019 ጀሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ጫፍ የሚደርስበት ሌሊት ነው። ጨረቃም ገና ለጋ ስለሆነች ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከደሴ ሦስት ሆነን በኮንትራት መኪና ልንወጣ ነው። ያለን ክሮፕ ሰንሰር (ከሙሉ ፍሬም 1.5 እጥፍ ያነሰ) ካሜራ፣ 18-55 ኪት ሌንስና ትሪፖድ ነው። ሐይቅ (ከደሴ በስተሰሜን ያለው ከተማና ሐይቁ) ይሻላል ጉጉፍቱ? ኤክስፖዠሩን (ሸተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) 30 ሰከንድ ብናደርገው ብዙ ተወርዋሪ ኮከብ ይይዛል የሚባለውስ እውነት ነው?

ጀውዛ፦
ቦታውን በብርሃኑ አቅጣጫ ምረጡት። ጀሚኒዶች የሚፈልቁ የሚመስሉት ጀውዛ (ጀሚኒ) ከሚባለው ኅብረ ኮከብ ነው፤ እሱም ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ በሰሜን ምሥራቅ ይወጣና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ አናት ላይ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ሐይቅ ላይ ምዕራቡን ዳርቻ ይዛችሁ ወደ ውሃው ብትዞሩ የደሴም የኮምቦልቻም ብርሃን በስተደቡብ ይቀራል፣ ፊታችሁ ጨለማ ነው። ጉጉፍቱ ግን ከደሴ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ የከተማው ብርሃን የሚታያችሁ ልክ ጀውዛ በሚወጣበት በኩል ነው። እዚያ ከሄዳችሁ ካሜራውን ወደ ደቡብ አዙሩት፤ ተወርዋሪዎቹ ሰማዩን ሁሉ ስለሚያዳርሱ አትጎዱም።

ጉጉፍቱ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ቀጭንና ደረቅ ነው፣ ውርጩ ግን አይጣል። ሐይቅ ብርዱ ይቀንስና ጤዛው ይበዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እኔ ሐይቅን እላለሁ። የጦሳን ተራራ አታስቡት፣ ደሴ ከሥሩ ተዘርግታ እያበራች ጨለማ አይገኝም።

በሰዓት 150 ጀሚኒድ ይታያል የሚባለውን ቁጥር ደግሞ እንዳለ አትውሰዱት። የሚወጡበት ነጥብ አናት ላይ ሆኖ፣ ሰማዩም ፍጹም ጨለማ ሲሆን የሚሰላ ነው። ካሜራ ደግሞ ዓይን ካየው ደማቅ ደማቁን ብቻ ነው የሚይዘው።

የቦርከና ልጅ፦
30 ሰከንዱን ተወው። ጀሚኒድ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ አንዷ ፒክስል ላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። ስለዚህ ሸተሩ ተከፍቶ ቢቆይም የእሱ መስመር አይደምቅም፣ የሚደምቀው ከኋላ ያለው ሰማይ ነው። መስመሩን የሚያደምቁት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት (አፐርቸር) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ናቸው።

በእናንተ ሌንስ፦ 18 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸር 3.5፣ አይኤስኦ 3200፣ 15 ሰከንድ። በተለመደው የ500 ስሌት፣ 500ን ለ18 ሲባዛ በ1.5 ብታካፍሉ 18.5 ሰከንድ ይመጣል፤ ከዚያ ካለፈ ኮከቦቹ ይጎተታሉ።

ፎከሱን ማኑዋል አድርጉ። ስክሪኑ ላይ ደማቋን ኮከብ ሲርየስን 10 እጥፍ አጉልታችሁ ነጥቧ እስክታንስ አዙሩና ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፉት። ዙሙንም እንዲሁ ለጥፉ፤ ኪት ሌንስ ወደ ላይ ሲያይ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ። የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ መቀነሻውንም አጥፉ፣ ካልሆነ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ካሜራው ሌላ 15 ሰከንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ባለ ሽቦ ሪሞት ካላችሁ በተከታታይ ማንሻ ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን መቆለፍ ይበቃል፣ ታይመር አያስፈልግም።

ወደ ጀውዛ በቀጥታ አታነጣጥሩ፣ እዚያ መስመሮቹ አጫጭር ናቸው። ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ራቅ በሉ።

የፒያሳው፦
እናመሰግናለን። ባትሪና ሚሞሪስ ስንት ይበቃል?

የቦርከና ልጅ፦
በሰዓት 225 ፎቶ ገደማ ነው። ሮው (ጥሬው የካሜራ) ፋይል 25 ሜጋባይት ቢሆን በሰዓት 5.6 ጊጋ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 11 ወደ 39 ጊጋ ይደርሳል። 64 ጊጋ ካርድ ያዙ። ባትሪ ሦስት፤ ተራ የሚጠብቁት ደረት ኪስ ውስጥ ይቆዩ፣ በብርድ ቶሎ ይወርዳሉ።

ሸርፍ ተራ፦
ሐይቅ ከሆነ ዋናው ጠላት ጤዛ ነው፣ መከላከያውን ግን ማንም አልጠቀሰም። ሌንሱ ከአየሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ውሃው መስታወቱ ላይ ይይዛል፤ ኮከቦቹ ቀስ በቀስ ይደበዝዛሉ፣ እናንተ ደግሞ የምታውቁት ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ነው። በየ20 ደቂቃው ቀይ መብራት ከጎን ወደ ሌንሱ አብሩ፤ መስታወቱ ወተት ከመሰለ ይዟል ማለት ነው። በጨርቅ አትጥረጉ፣ ይቀባባል፤ ፎከሱንም ታንቀሳቅሳላችሁ። በዩኤስቢ የሚሠራ ማሞቂያ ጥቅልል ሌንሱ አፍ ላይ ታስሮ ከፓወር ባንክ ቢሰካ ከመነሻው አይዝም። መጀመሪያውኑ አስሩት፣ ከያዘ በኋላ ማድረቅ ጊዜ ይበላል።

ጉጉፍቱን ከመረጣችሁና ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ፣ ካሜራውን እዚያው ብርዱ ላይ እንዳለ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ቦርሳ ክተቱት። ሞቅ ያለ አየር ላይ ቶሎ ከከፈታችሁት ውስጡ ያልበዋል። ካርዱን ግን ከማሸጋችሁ በፊት አውጡ፣ ፎቶ ለማየት ስትቸኩሉ ነው ፌስታሉ የሚከፈተው።

ጀውዛ፦
አንድ ነገር ረስቼ፦ ቀን ሄዳችሁ ቦታውን እዩና ለቀበሌው አሳውቁ። ሌሊት ትሪፖድ ተክሎ የሚንጎራደድ እንግዳ ጥያቄ ያስነሳል። የሰዓት እላፊ ገደብ ካለ ደግሞ ሳይመሽ ደርሳችሁ እስኪነጋ ከቦታው አትነቃነቁ።

የፒያሳው፦
ፎቶው ላይ ሳተላይትን ከተወርዋሪ በምን እንለየው?

የቦርከና ልጅ፦
አብሽር፣ ቀላል ነው። ተወርዋሪ አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ቀጥነው መሃሉ ይወፍራል፣ ብዙ ጊዜም አረንጓዴ ቀለም አለው። ሳተላይት ውፍረቱ ሳይለወጥ በቀጣዩ ፎቶ ላይ መስመሩን ይቀጥላል። አውሮፕላን ነጠብጣብ ይተዋል። ለማንኛውም አንዱን ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ የፊቱንና የኋላውን ከፍታችሁ አስተያዩ።